የምግብ ናሙና ፍተሻ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፦ ውጤቱ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት ተማሪዎች በምግብ ውስጥ የሚገኙትን ስታርች፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ቅባት በኬሚካል አመልካቾች አማካይነት የሚለዩበት የተግባር ሥራ አለ። ይህን ሥራ በፎረንሲክ ምርመራ መልክ አዘጋጅተው የሚያቀርቡ መምህራን አሉ። ተማሪው መርማሪ፣ የምግቡ ቅሪት ማስረጃ፣ የቀለም ለውጡ ደግሞ የምስክር ቃል ይሆናል። አቀራረቡ የተማሪዎችን ትኩረት የሚስብና በአግባቡ ከተመራ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ ከክፍል ወጥቶ ወደ ቤትና ወደ ገበያ ሲሻገር ትርጉሙ ሊዛባ ይችላል። «ቅቤው ባዕድ ነገር አለበት ተብሏል» የሚል ወሬ ከመማሪያ ክፍል ተነሥቶ የአንድን ነጋዴ ስም ሊያጠፋ ይችላል። «ምንም አልተገኘበትም» የሚለው ደግሞ አንድን ቤተሰብ ሊያዘናጋ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የፍተሻዎቹን አሠራር፣ የሚያሳዩትንና የማያሳዩትን፣ እንዲሁም አንድ ምግብ በእርግጥ ሲያጠራጥር ዜጎች ጉዳዩን ለማን ማቅረብ እንዳለባቸው ያብራራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ማዕድ የተወሰዱ ናቸው።

በምግብ ውስጥ የሚፈለገው ምንድን ነው?

ሕይወት ያላቸው ነገሮች የተገነቡባቸው ግዙፍ ሞለኪውሎች ከትናንሽ አሃዶች ሰንሰለት የሚሠሩ ናቸው። ስታርች የብዙ ግሉኮስ፣ ፕሮቲን የብዙ አሚኖ አሲዶች፣ ኒውክሊክ አሲድ ደግሞ የብዙ ኒውክሊዮታይዶች ሰንሰለት ነው። ቅባት በመማሪያ መጻሕፍት ከእነዚህ ጋር ቢመደብም በጥብቅ ትርጉሙ ሰንሰለት አይደለም። ግሉኮስን የመሳሰሉ ቀላል ስኳሮችም የሰንሰለቱ ቀለበት እንጂ ሰንሰለቱ አይደሉም። ይሁንና በክፍል ውስጥ አብረው ይፈተሻሉ።

በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ባለው ደጋ ገብስ ዋነኛ እህል ነው። ገብስም ሆነ ጤፍና ስንዴ በአብዛኛው ስታርች ናቸው። የጤፍ ፕሮቲን ከመቶ 10 ገደማ ሲሆን ባቄላ ግን ወደ 25 ይጠጋል። ኑግና ተልባ ቅባት፣ ማር ደግሞ ቀላል ስኳር ይሰጣሉ። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው የምግብ ናሙና ከተማሪው የምሳ ዕቃ አይርቅም።

ፍተሻዎቹ

የአዮዲን ፍተሻ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የአዮዲን ቲንክቸር ፈዘዝ ያለ የጠላ መልክ እስኪይዝ በውኃ ከተበረዘ በኋላ ጥቂት ጠብታ በናሙናው ላይ ይደረጋል። ስታርች ካለ ቀለሙ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ምክንያቱም የስታርች አንዱ ክፍል የሆነው አሚሎስ እንደ ጥምዝ ሽቦ የተጠቀለለ ስለሆነና አዮዲኑ በጥምዙ ውስጥ ስለሚሰለፍ ነው። ጥምዙ በሙቀት ይፈታል። ስለዚህ ገና ከእሳት በወረደ አጥሚት ላይ የተንጠባጠበ አዮዲን ቀለም ላይሰጥ ይችላል። ያው አጥሚት ሲቀዘቅዝ ግን ይጠቁራል። ቃሪያ ወይም ሎሚ የተቀላቀለበት ምግብም ያታልላል፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ቀለም አልባ ያደርገዋል።

የቤኔዲክት ፍተሻ የሚፈልገው ግሉኮስን፣ ፍሩክቶስን፣ ማልቶስንና በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ ነው። ሰማያዊው ፈሳሽ ከናሙናው ጋር በሙቅ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲቀመጥ እንደ ስኳሩ መጠን ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካንማ፣ በመጨረሻም ወደ ሸክላ ቀይ ይሄዳል። በዚህ ፍተሻ ተማሪዎችን ከሁሉ የሚያስገርመው በቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ ጣፋጭ የሆነው የሻይ ስኳር ፈሳሹን ሰማያዊ እንደሆነ መተዉ ነው። የሻይ ስኳር ሱክሮስ ሲሆን ሁለቱ አካላቱ የተያያዙት ከመዳቡ ጋር በሚሠራው ጫፋቸው በመሆኑ ቤኔዲክት አያገኘውም። ሱክሮስን ለማግኘት በመጀመሪያ በቀጭን አሲድ አፍልቶ መከፋፈል፣ አሲዱን በሶዳ ማክሰም፣ ከዚያም መፈተሽ ያስፈልጋል።

ለዚህ ፍተሻ ከብቅል የተሻለ አስተማሪ ናሙና ማግኘት ይከብዳል። ተራ የገብስ ዱቄት በአዮዲን ይጠቁራል፤ በቤኔዲክት ግን ብዙም አይለወጥም። ለጠላ የተዘጋጀ የገብስ ብቅል ደግሞ በሁለቱም ይለወጣል፤ እህሉ ሲበቅል ያመነጨው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ማልቶስ መቁረጥ ጀምሯልና። የብቅል ዱቄት ከቀዘቀዘ የገብስ አጥሚት ጋር ተቀላቅሎ ለብ ባለ ሙቀት ሲቆይ የአዮዲኑ ጥቁረት በየጊዜው እየሳሳ ይሄዳል። የደጋው ቤተሰብ በጠላ ጥንስስ የሚያውቀው ነገር በቱቦ ውስጥ ታየ ማለት ነው።

የባይሬት ፍተሻ ለፕሮቲን ነው። በናሙናው ፈሳሽ ላይ በመጀመሪያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመራል፤ ቀጥሎ በጣም ጥቂት ጠብታ የመዳብ ሰልፌት ይከተላል። ወይን ጠጅ ቀለም ከታየ ፕሮቲን አለ። ማሞቅ አያስፈልግም። መዳብ ሰልፌቱ ከበዛ የራሱ ሰማያዊነት ውጤቱን ይሸፍነዋል፤ በክፍል ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው ስሕተትም ይህ ነው። መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የእንቁላል ነጭ ይጠቀማሉ። በዐቢይ ጾም ወቅት ከቤት እንቁላልና ወተት አምጡ ማለት ለብዙ የአካባቢው ቤተሰብ የማይመች በመሆኑ የተፈጨ ባቄላ በውኃ ተዘፍዝፎና በጨርቅ ተጠልሎ የሚገኘው ፈሳሽ ጥሩ ምትክ ነው።

ለቅባት ሱዳን ሦስት የተባለውን ቀይ ማቅለሚያ መጠቀም ይቻላል፤ ቅባቱን ብቻ አቅልሞ ከውኃው በላይ ቀይ ንጣፍ ሆኖ ይታያል። ማቅለሚያው በሌለበት ወረቀት ይበቃል። ናሙናው ወረቀት ላይ ታሽቶ እንዲደርቅ ይተዋል። የውኃ እርጥበት ሲደርቅ ይጠፋል፤ የቅባት ምልክት ግን ብርሃን እያሳለፈ ይቀራል። ኒውክሊክ አሲድን በተመለከተ ከሽንኩርት ወይም ከሙዝ በጨው፣ በፈሳሽ ሳሙናና በቀዘቀዘ አልኮል ነጭ ጭረት የመሰለ ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል። ይህ ግን ማውጣት እንጂ የማንን ምግብ ማን እንደበላ መለየት አይደለም።

የምግቡ የራሱ ቀለምም ንባቡን ያስቸግራል። የጥቁር ጤፍ እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ የገባበት ወጥ በቀጥታ ከተፈተሹ የአመልካቹን ቀለም ከምግቡ ቀለም መለየት አይቻልም። ናሙናው በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በብዙ ውኃ ተበርዞና ተጠልሎ የጠራው ፈሳሽ መወሰድ አለበት።

ከፍታና ጥንቃቄ

በአብዛኞቹ የቤተ ሙከራ መመሪያዎች ላይ «ውኃው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ» የሚል ይገኛል። ይህ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ2,800 ሜትር በላይ በምትገኘው ደባርቅ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቤኔዲክት ፍተሻ በዚህ ሙቀት ይሠራል፤ ሆኖም ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይገባል። አንዱ ቡድን ቶሎ አውጥቶ «የለም» ሲል ሌላው ቆይቶ «አለ» ካለ ልዩነቱ የምግቡ ሳይሆን የሰዓቱ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ቱቦዎች እኩል ጊዜ መስጠት ግድ ነው።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ሳይኖር ተማሪ እንዲነካው መደረግ የለበትም። መከላከያው ካልተሟላ መምህሩ ራሱ ከፊት ቆሞ ያሳያል። ወደ ዓይን ከተረጨ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። አልኮል ያለበት ሥራ ከእሳት አጠገብ አይሠራም። የተፈተሸ ምግብ አይበላም፤ ወደ ምሳ ዕቃም አይመለስም። የመዳብ ቅሪት በትምህርት ቤቱ ጓሮ አትክልት ላይ አይደፋም።

ክፍሉ የምርመራ ክፍል ሲሆን

ለዚህ ትምህርት የሚዘጋጀው ጉዳይ ምናባዊ ነው። በሌሎች አገሮች በተለመደው ቅጂ አንድ ሰው ሞቶ ይገኛል፤ ተማሪዎችም «የሆድ ዕቃውን» በመፈተሽ የመጨረሻ ምግቡን የበላው የት እንደሆነ ይገምታሉ። በቅርብ ዓመታት ግጭት ባለፈባቸው ወረዳዎች የሚማሩ ልጆች የሞትን ታሪክ እንደ ጨዋታ የሚቀበሉ አይደሉም። ቀለል ያለ ጉዳይ መምረጥ የትምህርቱን ይዘት አይቀንሰውም፤ ማስረጃ ማስረጃ ነው።

ለምሳሌ የክፍሉ የስም መጥሪያ መዝገብ አንድ ገጽ ላይ እድፍ ተገኝቷል እንበል። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ በክፍሉ የነበሩት ሦስት ናቸው። ተጠርጣሪ ሀ ገንፎ በቅቤ፣ ተጠርጣሪ ለ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ፣ ተጠርጣሪ ሐ ዳቦ በማር በልተዋል። እድፉ የተቆረጠበት ወረቀት በፖስታ ታሽጎ ለእያንዳንዱ ቡድን ይሰጣል። በፖስታው ላይ ማን፣ ከማን፣ በስንት ሰዓት እንደተረከበ ይጻፋል። እውነተኛ የፎረንሲክ ሥራም እንዲሁ ነው፤ የርክክቡ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ከተቋረጠ የኬሚካሉ ውጤት ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ ያጣል።

ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የሚያደርጉት አዮዲን ማንጠባጠብ ነው። እድፉ ይጠቁራል። «ስታርች አለ» ይባላል፤ ግን ሦስቱም ተጠርጣሪዎች ስታርች በልተዋል፤ ስለዚህ ግኝቱ ማንንም ከማንም አይለይም። ከዚህ ላይ ጠንቃቃ ቡድን ሌላ ነገር ያደርጋል፤ ምንም እድፍ ከሌለበት የዚያው ገጽ ጥግ ቆርጦ በላዩ ላይም አዮዲን ያንጠባጥባል። ንጹሑም ወረቀት ይጠቁራል! ብዙ የመጻፊያ ወረቀት ሲመረት ገጹ ቀለም እንዳይመጥ ስታርች ይደረግበታል። የተገኘው ስታርች የምግብ ሳይሆን የወረቀቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መቆጣጠሪያ ናሙና የሚባለው ይህ ነው። ምናልባት የዚህ ትምህርት ትልቁ ፍሬ የሚገኘው ከዚህች ጥግ ወረቀት ነው። ያለ እርሷ ሦስት ንጹሐን በወረቀት ፋብሪካ ምክንያት ሊከሰሱ ነበር። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ፍተሻ ንጹሕ ወረቀትና ንጹሕ ውኃ፣ እንዲሁም የሚፈለገው ንጥረ ነገር በእርግጥ ያለበት ናሙና አብረው መሄድ አለባቸው።

እድፉ ከደረቀ በኋላም ብርሃን ያሳልፋል፤ ንጹሑ ጥግ አያሳልፍም። እንግዲህ ቅባት አለ። በውኃ ታጥቦ የወጣው ፈሳሽ ቤኔዲክትን አልለወጠም፤ ማር ይህን ባላደረገ ነበር። ባይሬት ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ አሳይቷል፤ ባቄላም ገብስም ፕሮቲን ስላላቸው ይህ ብዙ አይረዳም። አብዛኞቹ ተማሪዎች «እድፉን ያደረገው ተጠርጣሪ ሀ ነው» ብለው ይጽፋሉ። መምህሩ ዐረፍተ ነገሩን ማረም ያለበት እዚህ ላይ ነው። ማስረጃው የሚፈቅደው «እድፉ ቅቤ ካለበት ገንፎ ጋር አይቃረንም፤ ማር የተቀባ ዳቦ መሆኑ አጠራጣሪ ነው» ማለትን ብቻ ነው። ዘይት የነካ ሌላ እጅም ያንኑ ምልክት ይተዋል። «አይቃረንም» እና «ያረጋግጣል» የሚሉት ሁለት ቃላት በፍርድ ቤትም በቤተ ሙከራም የተለያዩ ናቸው።

ከገበያ የመጣ ቅቤ፣ ማር፣ ወተትና እንጀራ

ተማሪዎች ፍተሻውን እንደለመዱ የሚቀጥለው ጥያቄያቸው «የቤታችንን ቅቤ እንፈትሽ» መሆኑ አይቀርም። ፍላጎቱ የሚበረታታ ነው፤ ውጤቱን ለመተርጎም ግን የሚከተለውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቅቤ ውስጥ ዱቄት ወይም የተቀቀለ ድንች ከተጨመረ በአዮዲን ሊታወቅ ይችላል። ቅቤው በሙቅ ውኃ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ የቀረው ውኃ ይፈተሻል። ለጋ ቅቤ የራሱ ስታርች ስለሌለው ጥቁር ሰማያዊ ከታየ ከውጭ የገባ ነገር አለ ማለት ነው፤ ባዕዱ ነገር ሆን ተብሎ የገባ ይሁን በዕቃ ንክኪ ግን አይታወቅም። በቅመም የተነጠረ ቅቤ ከሆነ ደግሞ ዝቃጩ ላይ የታየው ቀለም ከኮረሪማው ሊመጣ ይችላል። በአንጻሩ ቅቤ ከፓልም ዘይት ወይም ከሌላ የረጋ የአትክልት ዘይት ጋር ከተቀላቀለ የክፍሉ ፍተሻዎች ሁሉ ዝም ይላሉ። ሱዳን ሦስት ሁለቱንም ያቀላል፤ ወረቀቱም በሁለቱም ይወዛል። ልዩነቱ ያለው በቅባት አሲዶቹ ዓይነትና መጠን ሲሆን ይህን የሚለይ መሣሪያ በትምህርት ቤት አይገኝም።

የማር ጉዳይ ከዚህም የጠነከረ ነው። ንጹሕ ማር በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ በመሆኑ ቤኔዲክትን ሸክላ ቀይ ያደርገዋል። ስኳር የተቀላቀለበት ማርም እንዲሁ ቀይ ያደርገዋል። የተጨመረው ሱክሮስ በማሩ ስኳር ተሸፍኖ ያልፋል። ዱቄት ከተጨመረ ግን አዮዲን ይይዘዋል። ስለዚህ «ማሩ ተፈትሾ ቀይ ሆነ» የሚል ዜና ለገዢው ምንም አዲስ ነገር አይነግረውም።

ውኃ የተጨመረበት ወተት በባይሬት ወይን ጠጅ፣ በቤኔዲክትም ቀይ መሆኑን ይቀጥላል፤ ፕሮቲኑና ላክቶሱ ሳሱ እንጂ አልጠፉም። ውኃውን ለመጠርጠር የወተቱን ክብደት የሚለካ ላክቶሜትር ያስፈልጋል። እንጀራን በተመለከተ ሰጋቱራ ወይም ጀሶ ተቀላቅሎበታል የሚል ስጋት በከተሞች በየጊዜው ይነሣል። ሰጋቱራ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ እንደ ስታርች ከግሉኮስ የተሠራ ግዙፍ ሞለኪውል ቢሆንም አሠራሩ ቀጥ ያለ በመሆኑ አዮዲን አያጠቁረውም። የጤፉ ስታርች በበኩሉ ሙሉውን እንጀራ ያጠቁረዋል። ጀሶም ሆነ በበርበሬ ውስጥ ይገባል የሚባለው የሸክላ ዱቄት ማዕድን ስለሆኑ ከእነዚህ ፍተሻዎች አንዱም አይመለከታቸውም።

አንድ ፍተሻ ግን አቅጣጫው ተገልብጦ ለቤተሰብ ጤና ይውላል። እንቅርት የደጋው የቆየ ችግር እንደመሆኑ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 መሠረት ለምግብ የሚቀርብ ጨው በአዮዲን የበለጸገ መሆን አለበት። የጨው ፈጣን መፈተሻው ጠብታ ስታርች የያዘ ነው፤ ጨው ላይ ሲደረግ ሰማያዊ ከሆነ አዮዲን አለ። በክፍል ውስጥ አዮዲን ስታርችን ሲያጋልጥ እዚህ ስታርች አዮዲንን ያጋልጣል። ተማሪው ለዚህ ተራ ስታርች ቢያንጠባጥብ ውጤት አያገኝም፤ በጨው ውስጥ ያለው አዮዴት ስለሆነ የመፈተሻው ሌሎች ኬሚካሎች መጀመሪያ ወደ አዮዲን ሊለውጡት ይገባል።

ሁሉንም ፍተሻ የሚያልፍ አደጋ፦ ጓያ

ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በሚገኘው ደምቢያ ጓያ ለረጅም ጊዜ ሲዘራና ሲበላ ኖሯል። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትንም መሬት ይችላል፤ ሌላው እህል ሲከስም እርሱ ይተርፋል። ከፕሮቲን አንጻር ከባቄላ አያንስም። የጓያ ዱቄት ተዘፍዝፎና ተጠልሎ በባይሬት ቢፈተሽ ደማቅ ወይን ጠጅ ያሳያል፤ በአዮዲንም ይጠቁራል። ማንኛውም ተማሪ በሪፖርቱ ላይ «ገንቢ ምግብ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጓያ ኦዳፕ በሚል ምሕጻር የሚታወቅ መርዛማ አሚኖ አሲድ አለው። ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉት ሰዎች እግራቸው ይደርቃል፤ በምርኩዝ እስከ መሄድ፣ አልፎም እስከ መዳኽ ይደርሳሉ። ላቲሪዝም የሚባለው ይህ ሽባነት አይድንም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ በወረርሽኝ መልክ ተከሥቶ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ጉዳቱ በረኀብ ጊዜ ይበረታል፤ ያኔ ማዕዱ ላይ ከጓያ ሌላ የሚቀርብ አይኖርምና።

ባይሬት መርዙን የማያየው ለምንድን ነው? ፍተሻው የሚያነበው የፕሮቲኑን ሰንሰለት ማያያዣ ነው። ኦዳፕ ለብቻው የቆመ አንድ አሚኖ አሲድ በመሆኑ ሰንሰለት የለውም። በተጨማሪም በጣም ጥቂት መጠን ነው። እህሉን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም። ጓያን ከሌሎች እህሎች ጋር ቀላቅሎ በጥቂቱ መመገብም አደጋውን ይቀንሳል። በሻገተ ለውዝና በእህል ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲንም እንዲሁ በክፍል ፍተሻ የማይታይ ነው። እንግዲህ «ፕሮቲን አለው» ማለት «ለጤና ተስማሚ ነው» ማለት አለመሆኑን ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ምግብ ሲያጠራጥር የት ማመልከት ይቻላል?

የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመራ ሲሆን በባዕድ ነገር የተበረዘ ምግብ ማምረትም ሆነ መሸጥ የተከለከለ ነው። በፌዴራል ደረጃ ሥልጣኑ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ጥቆማ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይቀበላል። በክልል፣ በከተማና በወረዳ ደረጃ የጤናና ጤና ነክ ተቋማት ተቆጣጣሪ ክፍሎች አሉ፤ በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ወረዳዎች የሚኖር ዜጋ ቅርቡ ወደሆነው የጤና ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች መካከል ሳኒታሪያኖች ይገኙበት ነበር። ምግብና ውኃን በየገበያው መቆጣጠር ሥራቸው ስለነበር ሙያው ለከተማዋ እንግዳ አይደለም።

የትምህርት ቤት ውጤት በቅሬታ ማመልከቻ ላይ እንደ ማስረጃ ተያይዞ መቅረብ የለበትም። ተቆጣጣሪው ናሙናውን ራሱ ከመሸጫው ቦታ ይወስዳል፤ ያሽጋል፤ ይመዘግባል፤ ከዚያም ብቃት ወዳለው ቤተ ሙከራ ይልካል። ከቤት የመጣ ክፍት ዕቃ በመንገድ ላይ ምን እንደነካው ስለማይታወቅ በሻጩ ላይ ክስ አያቆምም፤ ቁጥጥሩ የት መጀመር እንዳለበት ግን ይጠቁማል። በዚህ ምክንያት የሻጭ ስም በክፍል ውስጥ በናሙና ላይ እንዳይጻፍ መምህራን ሊከለክሉ ይገባል። «ናሙና ሀ» እና «ናሙና ለ» በቂ ናቸው። ውጤቱን በማኅበራዊ መገናኛ ማሰራጨትም ጥፋት በሌለበት ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ጥፋት ካለም ዕቃውን አስቀድሞ ለማሸሽ ጊዜ ይሰጣል።

ምግቡን የበላ ሰው ከታመመ ከሁሉ በፊት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የተረፈው ምግብ ሳይታጠብና ሳይደፋ ከነማሸጊያው በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲኬድ የተገዛበት ቦታና ቀን፣ ካለ ደረሰኙ፣ በማሸጊያው ላይ የሰፈረው የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ፣ ምግቡን የበሉት ሰዎች ብዛትና ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ተጽፈው ቢያዙ ማጣራቱን ያፋጥናሉ። ማሸጊያ የሌለው ከሆነ፣ ለምሳሌ በቅል ወይም በኮባ ቅጠል የመጣ ቅቤ፣ የገበያውን ቀንና የተገዛበትን ተራ መንገር ይበቃል።